መተማና ጋላባት፤ ጦርነት ያሰመረው ድንበር

ከጎንደር ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መሬት ጭልጋን አልፎ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ወደ ሽንፋና ወደ መተማ ሲዘልቅ ሙቀቱ እየበረታ፣ ጥቁር አፈሩ እየሰፋ፣ የግራሩና የዕጣኑ ዛፍ እየበዛ ይሄዳል እንጂ አንዱ አገር የሚያበቃበትንና ሌላው የሚጀምርበትን ቦታ የሚያሳይ ተራራም ሆነ ገደል አያጋጥምም። የሽንፋ ወንዝ ራሱ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ ቆላውን ሰንጥቆ ይወርድና ሱዳን ከገባ በኋላ ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ውኃው ያው ሆኖ ስሙ ብቻ ይለወጣል። ከሽንፋ በስተሰሜን ደግሞ መተማ ዮሐንስና ጋላባት የሚባሉ ሁለት ከተሞች በበጋ በሚደርቅ ጠባብ ወንዝ ላይ በተሠራ አጭር ድልድይ ግራና ቀኝ ተፋጠው ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው የሱዳን ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ግን መተማና ጋላባት የአንድ ገበያና የአንድ ሕዝብ መኖሪያ ሁለት ስሞች ነበሩ፤ ደገኛው መተማ ሲለው ከሱዳን በኩል የሚመጣው ነጋዴ ጋላባት ይለው ነበር።

የመተማ ጦርነት በኢትዮጵያ ታሪክ የሚታወሰው ከሁሉ በፊት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት በመሆኑ ነው፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም የንጉሠ ነገሥቱ ሞት የጦርነቱን ሌላ ውጤት ሸፍኖታል። ከ1877 እስከ 1881 ዓ.ም. የተካሄደው ፍልሚያ በሁለት መንግሥታት መካከል ሲኖርና ሁለቱንም ሲያገናኝ የቆየውን የጠረፍ ማኅበረሰብ አፈራረሰው፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የተሰመረው የድንበር መስመርም በዚያ ፍርስራሽ ላይ ያለፈ በመሆኑ የሚቃወመው ሰው ሳይኖር ጸና። ጠረፍ ሲባል ሰው የሚኖርበት፣ የሚነግድበትና የሚጋባበት ሰፊ መሬት ነው፤ ድንበር ሲባል ግን ስፋት የሌለው መስመር ነው፤ የመተማም ታሪክ በአብዛኛው የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተለወጠበት ታሪክ ነው።

በዚህ ቆላ የሰው ልጅ ኑሮ ከነገሥታትም ሆነ ከድንበር እጅግ ይቀድማል። በሽንፋ ወንዝ ዳር በተደረገ ቁፋሮ የተገኘውና በ2016 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመው የድንጋይ ዘመን ሰፈር ዕድሜው ወደ 74 ሺህ ዓመት እንደሚጠጋ ተመራማሪዎች አስታውቀዋል፤ የዚያ ዘመን ሰዎች ወንዙ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣውን ከኩሬው እያወጡ፣ ኩሬው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው እየተጓዙ ይኖሩ ነበር። በቅርቡ ታሪክ ውስጥ ደግሞ የመተማ፣ የሽንፋና የቋራ ቆላ የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነበር፤ ከጉሙዙ ጋር አገው፣ ቅማንትና አማራ ከደጋው ጫፍ፣ ዐረብኛ ተናጋሪ ዘላኖችም ከሱዳን ሜዳ ይገናኙበት ነበር። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ይህን ግዛት ራስ አል ፊል በሚባል ስም በሹም ያስተዳድሩት እንደነበር ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጽፏል፤ እርሱም በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ስናር ሲሄድ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው።

መተማን ከተማ ያደረጋት ግን በአመዛኙ የተክሩር ሰው ነው። ተክሩር በጥንት ዘመን በምዕራብ አፍሪካ የነበረ የአንድ መንግሥት ስም ሲሆን፣ ኋላ ከዳርፉር፣ ከወዳይ፣ ከቦርኑና ከዚያም ወዲያ ተነሥቶ ወደ መካ ለሐጅ የሚጓዘው ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። መንገዱ ረጅም፣ ስንቁ አጭር ነበርና ብዙዎቹ ተሳላሚዎች በሄዱበት ወይም በተመለሱበት ጊዜ በየመንገዱ ቀርተው እያረሱና እየነገዱ ኖረዋል፤ በጋላባት የሰፈሩት በተለይ ከዳርፉር የመጡት ማሽላና ጥጥ እያመረቱ የራሳቸውን ሼህ ሾመው አንድ ትንሽ ግዛት አቋቋሙ። ግዛቱ በጎንደርና በስናር፣ ኋላም በጎንደርና ግብፅ በያዘችው ሱዳን መካከል እንዳይጨፈለቅ የጠበቀው ዘዴ ለሁለቱም ወገን መገበር ነበር። እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በመተማ ሲያልፍ ያየው የተክሩር ሼህ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር ይከፍል ነበር። በዛሬ የመንግሥታት ሕግ ዓይን ይህ ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ ሉዓላዊነት የሚባለው አንድ መሬት አንድ ባለቤት ብቻ እንዲኖረው ይጠይቃልና። ለመተማ ሰው ግን ሁለት ጌታ መኖሩ አንዱ ሲያጠብቅ ወደ ሌላው ለመጠጋት የሚያስችል መድን ነበር።

ገበያው የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ከደጋው ቡና፣ ማር፣ ሰም፣ ቆዳ፣ በቅሎ፣ ዝባድና ወርቅ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል የጥጥ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ፈረስና በኢትዮጵያ ገበያ ሁሉ የሚሠራበት የማርያ ቴሬዛ ብር ይመጣል። ከሚሸጠው ውስጥ ሰውም ይገኝበት ነበር፤ የጉሙዝ መንደሮች ከደጋም ከሱዳንም በሚመጡ ወራሪዎች እየተፈነገሉ ልጆቻቸው ለባርነት ሲሸጡ ኖረዋል፤ የድሮ መዛግብትም ይህን ሕዝብ በራሱ ስም ሳይሆን በሌላ የንቀት ስም ይጠሩታል። ስለዚህ የጠረፉን ዘመን እንደ ሰላም ዘመን መሳል ስሕተት ነው። ደገኛ ነጋዴዎች ሲባሉም አብዛኞቹ የጎንደርና የአካባቢው ሙስሊሞች፣ በተለምዶ ጀበርቲ የሚባሉት ነበሩ፤ እነርሱም በሃይማኖት ከተክሩሩና ከሱዳኑ ነጋዴ፣ በቋንቋና በልማድ ከደጋው ክርስቲያን ጋር ስለሚገናኙ የሁለቱ ዓለም ድልድይ ሆነው አገልግለዋል። በኋላ የመጣው ጦርነት ከማንም በላይ የጎዳው እነዚህን የመሐል ሰዎች ነው።

ጠረፉ መጥበብ የጀመረው ግብፅ በ1813 ዓ.ም. ስናርን ይዛ ወደ ምሥራቅ መግፋት ከጀመረች ወዲህ ነው። በኢትዮጵያ ቱርክ እየተባሉ የሚጠሩትን እነዚህን ወራሪዎች የደምቢያው ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ወድ ከልተቡ በተባለ ቦታ ድል መቷቸዋል፤ የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ ማለትም የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ገጥሟቸው በመድፍና በሠለጠነ እግረኛ ተሸንፏል፤ ያ ሽንፈት ዕድሜውን ሙሉ የዘመናዊ መሣሪያ ፍቅር እንዳሳደረበት የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። ሆኖም ግብፆችም ቢሆኑ በኋላ ጋላባት ላይ የጦር ሰፈር ከመትከል አልፈው ገበያውን አልዘጉም፤ ቀረጥ የሚገኘው ነጋዴ ሲመጣ መሆኑን ያውቃሉና።

ዋናው መናወጥ የመጣው ከሱዳን ውስጥ ነው። በ1873 ዓ.ም. መሐመድ አሕመድ የተባለ የሃይማኖት መምህር ማህዲ፣ ማለትም በዘመን ፍጻሜ ዓለምን ወደ ፍትሕ የሚመልስ መሪ፣ መሆኑን አውጆ በግብፅ አገዛዝና በግብሩ የተማረረውን ሕዝብ አስነሣ፤ ተከታዮቹም በኢትዮጵያ ድርቡሽ ተባሉ። ጥር 1877 ዓ.ም. ካርቱም በእጃቸው ከመውደቁ በፊት በምሥራቅ ሱዳን የተበታተኑት የግብፅ ጦር ሰፈሮች፣ የጋላባቱ ጭምር፣ ተከበው ነበር። ግብፅን የያዘችው እንግሊዝ እነዚህን ወታደሮች የሚያወጣላት ኃይል ስለፈለገች አድሚራል ዊልያም ሂዌትን ወደ ዐፄ ዮሐንስ ልካ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. የአድዋ ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያ የተከበቡትን ወታደሮች በግዛቷ በኩል ወደ ምጽዋ ልታሳልፍ፣ በምላሹ ግብፅ ይዛው የነበረው የቦጎስ ግዛት ሊመለስላትና በምጽዋ ወደብ ዕቃ ያለ ቀረጥ ሊያልፍላት ተስማሙ።

ዐፄ ዮሐንስ የገቡትን ቃል ጠበቁ፤ የጋላባቱ ጦርም በኢትዮጵያ በኩል ወጣ፤ የተክሩሩ ሹም ሷሊሕ ሻንቃም ከድርቡሽ ጋር ከመወገን ወደ ኢትዮጵያ መጠጋትን መረጠ። እንግሊዝ ግን ውሉ ከተፈረመ ከስምንት ወር በኋላ ጣልያን ምጽዋን ስትይዝ ዝም ብላ አየች። ኢትዮጵያ ከውሉ ያተረፈችው በሰሜን አዲስ ጠላት፣ በምዕራብም የግብፅን ጦር አድናለች ብሎ ቂም የያዘ ሌላ ጠላት ሆነ። የመተማ ጦርነት የሁለት ሃይማኖቶች ግጭት ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይህ የሚዘነጋ ይመስላል፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ወደ ጦር ሜዳ የተገፉት በሦስተኛ ወገን ጉዳይ ነበር።

የሃይማኖቱ ምክንያት ግን የለም ማለት አይደለም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የአገሪቱን አንድነት በሃይማኖት አንድነት ለማጽናት ሲሉ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዝዘው ነበር፤ በወሎ ሼህ ጠልሃን የመሰሉ መሪዎች አመፁ፤ ከጎንደርና ከአካባቢው ደግሞ ብዙ ሙስሊሞች ንብረታቸውን እየያዙ ወደ ጋላባትና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። እነዚህ ስደተኞች ትላንት ድልድይ የነበሩት ነጋዴዎችና ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ከመካከላቸው ከድርቡሽ ጋር ሆነው መንገድ የመሩ ነበሩ። በዚያኛው ወገን ማህዲና እርሱን የተካው ኸሊፋ አብዱላሂ የኢትዮጵያን ንጉሥ እንዲሰልም በደብዳቤ ጠሩት። እንዲህ ሁለቱም መንግሥታት በየፊናቸው መሐል መቆምን ከለከሉ፤ ለሁለት ጌታ መገበር የለመደው ቆላ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ።

መስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ድርቡሽን ድል ካደረጉ በኋላ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወደ መተማ ዞረ። ጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ ቆላው ወርደው የጋላባቱን የድርቡሽ አዛዥ መሐመድ ወድ አርባብን ገድለው ከተማዋን አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ የተፈጸመው ነገር ከትላልቆቹ ውጊያዎች ያነሰ ቢመስልም ለጠረፉ ዕጣ ከሁሉም የሚብስ ነው። ኸሊፋው የላከው አዲሱ አዛዥ ዩኑስ ወድ አል ዲከይም ንግድ እንደ ቀድሞው ክፍት መሆኑን አስነግሮ ነጋዴዎች እንዲመጡ ጋበዘ፤ የደጋው ነጋዴዎችም አምነውት ቡናቸውንና ማራቸውን ጭነው ሲወርዱ ጠብቆ ያዛቸው፤ ዕቃቸው ተወረሰ፤ እነርሱም እየታሰሩ የድርቡሽ መናገሻ ወደሆነችው ኦምዱርማን ተጋዙ። ለነጋዴ የሚሰጥ ደኅንነት እስከዚያ ቀን ድረስ በጦርነት ጊዜም የማይደፈር ልማድ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተደፈረ በኋላ ግን በቆላው ገበያ ላይ የነበረው እምነት አብሮ ሄደ። በዚሁ ሰሞን በጋላባት አንድ ሰው ነቢዩ ዒሳ ነኝ ብሎ መነሣቱና የድርቡሽ መኮንኖች ሳይቀሩ ተከትለውት መገደላቸው የሕዝቡ አእምሮ በምን ያህል ጭንቀት ላይ እንደነበር ያሳያል።

ዩኑስን ተክቶ የመጣው ሐምዳን አቡ አንጃ የኸሊፋው ታላቅ የጦር አዛዥ ነበር። ጥር 1880 ዓ.ም. ወደ ደምቢያ ወጥቶ ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሰበረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሺህ ሰው፣ በተለይም ሴቶችና ልጆች፣ ተማርከው ወደ ሱዳን ተወሰዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከእሳት ያዳነው የንብ መንጋ ነው የሚለው የጎንደሮች ትረካ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ከተማረኩት የተመለሱት ጥቂት ሲሆኑ የቀሩት በዚያው ወልደውና ተዋልደው ኖረዋል፤ ስለዚህ ድንበሩ ገና ሳይሰመር የአንድ ቤት ልጆች ሁለት አገር ላይ ተከፍለው ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ በዚያ ዓመት ሦስት ጉዳይ በአንድ ጊዜ ተጋረጠባቸው፤ በሰሜን ጣልያን፣ በምዕራብ ድርቡሽ፣ በደቡብ ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አድማ። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአቡ አንጃ የእርቅ ደብዳቤ ልከው የሁለቱም ጠላት አውሮፓዊ መሆኑንና እርስ በርስ መጨራረሱ ለእርሱ ብቻ እንደሚጠቅም አስረዱት፤ መልሱ ግን ስድብና ወደ እስልምና ጥሪ ሆነ። የዚያን ዘመን አካሄድ ለሚያጠና ሰው ይህ ደብዳቤ ከጦርነቱ ሁሉ በላይ ልብ የሚነካ ሰነድ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በተለይ ከአድዋ ድል ወዲህ፣ ምኒልክና ኸሊፋው መልእክተኛ እየተላላኩ የተወዳጁት በዚሁ አሳብ ነውና።

ውጊያው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ተካሄደ። አቡ አንጃ ጥቂት ቀደም ብሎ በሕመም ሞቶ ዛኪ ጡማል ተተክቷል። ድርቡሽ የተከላከለው ከዘሪባ ውስጥ ሆኖ ነበር፤ ዘሪባ ማለት የተቆረጠ እሾህ ክምር እንደ አጥር ዙሪያውን ተጥሎ ከውስጡ የተኳሽ መከላከያ የሚዘጋጅበት የቆላ ምሽግ ነው። የኢትዮጵያ ጦር እሾሁን በአንድ ወገን ጥሶ ገባና ሰፈሩን ማቃጠልና መማረክ ጀመረ፤ ድሉ ያለቀ መስሎ በታየበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው በጦሩ ውስጥ ሲዛመት ያሸነፈው ሠራዊት የተሸነፈ ያህል ወደ ኋላ አፈገፈገ። ንጉሠ ነገሥቱ ልጃቸው ራስ መንገሻ ወራሻቸው መሆኑን ተናግረው በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ አትባራ የሚያፈገፍገውን ጭፍራ የዛኪ ጡማል ጦር ተከታትሎ ደረሰበት፤ ሽማግሌው ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲጠብቁ ወደቁ፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ከዚያ በኋላ ያለው የፖለቲካ ታሪክ የታወቀ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ፈረሙ፤ ጣልያን በዚያው ዓመት አሥመራ ገባች፤ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት ታወጀ፤ የመረብ ወንዝም አንድ ቋንቋ የሚናገረውን፣ በአንድ ሥርዓት የሚቀድሰውን ሕዝብ ከሁለት ከፈለው። የመተማው ጥይት ከመተማ ይልቅ መረብ ላይ የከፈተው ቁስል የሰፋ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰሜኑን የሚጠብቀው ጦር መተማ ላይ ባይበተን ጣልያን ያን ደጋ እንዲያ በቀላሉ ባልወጣችው ነበር።

በቆላው የቀረው ረሃብ ነው። ከጣልያን ጋር ወደ ምጽዋ የገባው የከብት በሽታ፣ ድርቁና አንበጣው ተደራርበው በኢትዮጵያ ክፉ ቀን የሚባለውን ዘመን አመጡ፤ በሱዳንም በሒጅራ አቆጣጠር 1306 ላይ ስለወደቀ ሰነት ሲታ፣ ማለትም ስድስተኛው ዓመት፣ ተብሎ ይታወሳል። ለዓመታት ትላልቅ ሠራዊቶችን የቀለበው የጋላባት አካባቢ የሚታረስበት በሬም የሚያርስ ሰውም አጣ፤ አሸናፊው የዛኪ ጡማል ጦር ራሱ በረሃብ ረገፈ። የተክሩሩ ሰፈር ተበተነ፤ ጀበርቲው ወደ ቀድሞው መንገድ አልተመለሰም። የድንበሩ መስመር ሲመጣ ያገኘው ይህን ባዶነት ነው።

እንግሊዝና ግብፅ ነሐሴ 1890 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ የኸሊፋውን ጦር ካጠፉ በኋላ በ1891 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦራቸው ጋላባት ገባ። ምኒልክ ቀደም ብለው በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የኢትዮጵያ ጥንታዊ ወሰን እስከ ካርቱም ይደርሳል ብለው ነበር፤ አሁን ግን የሚደራደሩት መድፉን ይዞ ከተቀመጠ ኃይል ጋር ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ወኪል ጆን ሃሪንግተን ጋር በአዲስ አበባ የፈረሙት ውል መስመሩን ከኡም ሐጀር ወደ ጋላባት፣ ከዚያም ወደ ዓባይና ወደ ደቡብ እንዲያልፍ አደረገ፤ በዚያው ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃ የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው አንቀጽ አለበት፤ የዛሬው የውኃ ክርክር ሥር ከዚያ ይጀምራል። በሚቀጥለው ዓመት ሜጀር ቻርልስ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ መኮንን መስመሩን መሬት ላይ አመላከተ፤ ከጎኑ የኢትዮጵያ ወኪል አልነበረም፤ ይህም እስከ ዛሬ የሚነሣ ቅሬታ ሆኖ ቀርቷል። አንዱ ገበያም እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ ጋላባት ወዲያ፣ መተማ ወዲህ ሆኑ።

ሕዝብን የሚከፍል መስመር ሲነሣ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚያስበው ኮርያን ነው፤ ምክንያቱም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ተዋግተው 121 ሰው መሥዋዕት አድርገዋል፤ አንድም ምርኮኛ አላስያዙም። የሁለቱ አገሮች ታሪክ ሲመዛዘን ግን ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ ይገኛል። በኮርያ መስመሩ ቀደመ። ጃፓን ልትማረክ ስትል፣ ነሐሴ 1937 ዓ.ም. ዲን ረስክና ቻርልስ ቦንስቲል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መኮንኖች በአንድ ሌሊት ካርታ ተመልክተው 38ኛውን የኬክሮስ መስመር፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት የሚያመለክተውን ምናባዊ ክብ፣ ለሶቪየትና ለአሜሪካ ጦር መለያ እንዲሆን መረጡ፤ በግራና በቀኙ ሁለት መንግሥት በቀለ፤ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦር ሲሻገር ጦርነቱ ተነሣ፤ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቢቆምም የሰላም ውል ዛሬም አልተፈረመም። በመተማ ጦርነቱ ቀደመ፤ ሰውን አጠፋ፤ መስመሩ ባዶውን ቦታ ተከትሎ መጣ። በኮርያ የተከፈለው ሕዝብ በዚያም በዚህም በሕይወት ስለነበረ መስመሩን ለማጽናት የእሾህ ሽቦ፣ ፈንጂና ሠራዊት አስፈለገ፤ ወንድምና እኅት ለሰባ ዓመት ደብዳቤ ሳይጻጻፉ አረጁ። በመተማ ግን አዲሱ ሰው መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሶ የሰፈረ በመሆኑ ድንበሩን ሳይቀበል አልቀረም፤ ግን ደግሞ አላከበረውም።

ከመስመሩ በፊትም በኋላም በቦታው የቆየው ጉሙዝ ነው። ጉሙዝ ዛሬም ከሽንፋና ከቋራ ጀምሮ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አልፎ በሱዳን በኩል በዓባይ አካባቢ ይኖራል፤ ውሉን የፈረሙት ሰዎች ስለ እርሱ የጻፉት ነገር የለም። በባርነት ዘመን ድንበሩ አንዳንድ ጊዜ ጠቅሞት ነበር፤ ከደጋ ያመለጠ ባሪያ እንግሊዝ ወደምታስተዳድረው ሱዳን ከደረሰ የሚመልሰው አልነበረምና። በሌላው ጊዜ ግን መስመሩ ለሁለት ቀረጥ ሰብሳቢና ለሁለት ዘበኛ ዳርጎታል፤ መሬቱንም በየዘመኑ ከደጋ የሚወርደው አራሽ እየገፋው ወደ ዳር አስወጥቶታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መስመሩ እንደገና የጦር ግንባር ሆነ። መተማን ይዞ የነበረው የጣልያን ጦር ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጋላባትን ያዘ፤ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ኋላ በበርማ ግንባር ስሙ የገነነው ዊልያም ስሊም ሕንዳውያንና እንግሊዛውያን ወታደሮችን አስከትሎ ጋላባትን አስለቀቀ፤ መተማን ለመያዝ ግን አልቻለም፤ ጣልያን ራሱ ለቆ የወጣው በጥር መጨረሻ ነው።

ከነጻነት ወዲህ ቆላውን የለወጠው ሰሊጥ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ እየሰፋ የሄደው የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ በየዓመቱ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይስባል፤ በአካባቢው ሳሉግ ይባላሉ። ሳሉጉ ሰኔና ሐምሌ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ ይወርዳል፤ ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥምና ፍሬው ሳይፈነዳ ይታጨዳል፤ ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ተገልብጦ በሸራ ላይ ይራገፋል፤ አንድ ቀን የዘገየ ማሳ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። ሠራተኛው የሚያድረው ሜዳ ላይ ስለሆነ ወባና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር የተባለ በሽታ ይዘውት ወደ አገሩ ይመለሳል። እህሉም፣ ጉልበቱም፣ ገንዘቡም ድልድዩን ሲሻገር ይውላል፤ በመተማ ገበያ የሱዳን ገንዘብ ከብር ጋር ጎን ለጎን ሲመነዘር፣ ዐረብኛና አማርኛ በአንድ ዋጋ ክርክር ውስጥ ሲደባለቁ መስማት የተለመደ ነው።

እርሻው መሬቱን ውድ ስላደረገው የግዊን መስመርም ከተረሳበት ተቀሰቀሰ። ከመተማ በስተሰሜን በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለውን አል ፈሽቃ የተባለ ለም መሬት ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ለረጅም ጊዜ ሲያርሱት ቆይተዋል፤ ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በተለዋወጡት ደብዳቤ የግዊንን መስመር መነሻ አድርገው፣ በመሬት ላይ ያለው አራሽ ግን መፍትሔ እስኪገኝ እንዳይነካ ተስማሙ። ይህ የ1964ቱ ዘዴ የድሮውን የተክሩር ሼህ አካሄድ ያስታውሳል፤ ባለቤትነቱን በወረቀት፣ ኑሮውን በመሬት ለይቶ ማቆየት ነው። በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ኢትዮጵያ በሰሜን ጦርነት ውስጥ ሳለች፣ የሱዳን ጦር ወደ ቦታው ገብቶ አራሾቹን አስወጣ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የሰው ጎርፉ አቅጣጫ ተለወጠ። ካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ሱዳናውያን ራሳቸውና ቀድሞ ወደ ሱዳን የተሰደዱ የሌላ አገር ሰዎች ከገዳሪፍ በኩል መጥተው ያንኑ አጭር ድልድይ እየተሻገሩ መተማ ዮሐንስ ገቡ፤ በኩመርና በአውላላ የስደተኛ መጠለያዎች ተተከሉላቸው፤ ከወራት በኋላ ግን አማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ስለገባ መጠለያዎቹ ላይ ዘረፋና ጥቃት ደረሰ፤ ብዙዎች እንደገና ሻንጣቸውን ጠቅልለው በመንገድ ዳር ሰፈሩ። በድልድዩ በኩል የሚያልፈው ሰው መታወቂያውን አንድ ጊዜ ለሱዳን፣ አንድ ጊዜ ለኢትዮጵያ ዘበኛ ያሳያል፤ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ያለው ደረቅ ወንዝ ግን በበጋ ፍየል የሚሰማራበት አሸዋ ነው።